የጎዳና ሙዚቀኞችን ፎቶ እንዴት እናንሳ? ሲተቹብንስ?

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱኛል። አንደኛው «ሳይቆጡሽ እንዴት ነው የምታነሺያቸው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ይመጣል፦ «ሰዎች ፎቶዬን አብጠለጠሉት፤ ምን ላድርግ?» እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ቆየሁ። አሁን ግን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የማውቀው የአዲስ አበባን መንገድ ነው። ማሲንቆ አንግበው የሚዞሩ አዝማሪዎችን፣ ታክሲ ሰልፍ አጠገብ ክራር የሚደረድሩ ልጆችን፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚዘምሩ ዓይነ ስውራንን አነሳለሁ። ጎንደርም ባሕር ዳርም ሆናችሁ ብታነሱ አሠራሩ ብዙም አይለወጥም።

ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። ይገናኛሉ። ክፉኛ የሚተች ፎቶ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ገና ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡት፤ ወደ ትችቱ ክፍል አትዝለሉ።

ምን ያስፈልጋል?

- ካሜራ ወይም ስልክ። ስልክ በቂ ነው። ሌንሱን ግን በጨርቅ ጥረጉት። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለው፤ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው በዚያ ምክንያት ነው።
- ካሜራ ለያዘ ሰው 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንስ። ሩቁን በሚያቀርብ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ከመንገድ ማዶ ማንሳት ይቻላል። ግን ሰውዬው ሳያውቅ ነው የሚነሳው፤ ፎቶውም ላይ ይህ ይታወቃል። 35 ሚሊሜትር ሁለት ሜትር ያህል እንድትቀርቡ ያስገድዳችኋል። ሁለት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ደግሞ ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይቻልም።
- ዝርዝር ብር። ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶች ይበቃሉ። ባለ 200 ብቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ «መልስ አለዎት?» ማለት በጣም ያሳፍራል።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የቃል ስምምነት እና በኋላ ትችት ይጻፍበታል።
- ትርፍ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ።
- በክረምት አንድ ፌስታል። ዝናብ ሲመጣ ካሜራውን ትሸፍኑበታላችሁ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) እና ፍላሽ ቤት ይቅሩ። ትራይፖድ የእግረኛ መንገድ ይዘጋል፣ ጥበቃም ይጠራል። ፍላሽ ደግሞ የሚዘፍንን ሰው ከዘፈኑ ያወጣዋል።

ክፍል አንድ፦ ማንሳት

1. ሰዓቱን ምረጡ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቶሎ ከፍ ትላለች፤ ለስላሳው ብርሃንም ብዙ አይቆይም። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ፊትን፣ ጣትን፣ የማሲንቆውን ቆዳ ያጎላል።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ባርኔጣ ካለ ግማሽ ፊት ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ማንሳት ግድ ከሆነባችሁ ጥላ ፈልጉ። የሱቅ በረንዳ፣ ዛፍ፣ የቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር ጥሩ ነው። ሙዚቀኛው ወደ ብርሃኑ የዞረበትን ጎን ፈልጋችሁ እናንተ ዙሩ። እሱን «ዙርልኝ» አትበሉት፤ እሱ የቆመው መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል ነው፣ ሥራው እዚያ ነው።

የክረምት ደመና ለፊት ፎቶ በጣም ጥሩ ብርሃን ነው። ብዙ ሰው ክረምት ላይ ካሜራ ያስቀምጣል፤ እኔ አላስቀምጥም።

2. ካሜራውን ሳታወጡ ሦስት ዘፈን ስሙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምላችሁ። ቁሙና ስሙ። ሦስት ዘፈን ከ15 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ለምን? አንደኛ፣ ሙዚቀኛው ያያችኋል። አድማጭ እንደሆናችሁ ካወቀ በኋላ ካሜራ ስታወጡ አይደነግጥም። ሁለተኛ፣ አመሉን ታውቃላችሁ። አንዱ ከፍ ያለ ድምፅ ሲያወጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ግጥሙን ሊመታ ሲል አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። ሦስተኛው ማሲንቆው ብቻውን ሲጫወት አድማጩን እየቃኘ ፈገግ ይላል። ይህን ካወቃችሁ ቅጽበቱ ከመድረሱ በፊት ትዘጋጃላችሁ። ካላወቃችሁ ግን መቶ ፎቶ ታነሱና ሁሉም አንድ ሰከንድ ያረፈደ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ሌላም ነገር ተመልከቱ። አብሮት ማን አለ? ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ከጀርባው ምን አለ? ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ነው ወይስ ባንክ?

3. ፈቃድ ጠይቁ

በዘፈን መሃል አይጠየቅም። ዘፈኑ አልቆ ትንፋሽ ሲወስድ ቀረብ በሉ። ካሜራው ይታይ፣ ግን ዝቅ ይበል።

ለትልቅ ሰው እንዲህ እላለሁ፦ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ጨዋታዎ ደስ ብሎኝ ቆሜ ስሰማ ነበር። ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል? ፌስቡክ ላይ ላወጣው አስቤ ነው።» ለእኩያዬ ደግሞ፦ «ወንድሜ፣ አጨዋወትህ ደስ ይላል። ፎቶ ላንሳህ? የት እንደማወጣው እነግርሃለሁ።»

የት እንደሚወጣ መናገር ግዴታ አድርጉት። ለራሳችሁ ማስቀመጥ፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍና መሸጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንዱ «እሺ» ያለ ሰው ለሦስቱም አላለም። ሕጉም እዚህ ላይ ቃል አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተደረጉ ነገሮችና ሕዝብን ለሚመለከቱ በዓላት የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ የሚጨፍርን ሕዝብ ማንሳትና የአንድን ሰው ፊት ለይቶ አንስቶ ፖስትካርድ አድርጎ መሸጥ አንድ አይደሉም። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠይቁ።

«አይሆንም» ካለ «እሺ፣ ይቅርታ» በሉ። ግን ወዲያው አትሂዱ። አንድ ዘፈን ሰምታችሁ፣ የምትሰጡትን ሰጥታችሁ ሂዱ። እምቢ ያሉኝ ሰዎች በሌላ ቀን ራሳቸው «ነይ አንሺኝ» ያሉኝ ጊዜ አለ።

ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ከሆነ ፈቃዱን ከራሱ ጠይቁ፤ ከሚመራው ልጅ አይደለም። ፎቶውን ማየት ስለማይችል በቃል ግለጹለት፦ «ፊትዎና ክራርዎ ይታያል፣ ከኋላ ሱቅ አለ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ይሰማል» በሉት። የካሜራውን ድምፅም አስቀድማችሁ ንገሩት። ድንገት አጠገቡ ቀጭ ቀጭ ሲል የሚደነግጥ ሰው አይቻለሁ።

ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» የሚሉ ወንዶች፣ ለእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» የሚሉ ልጃገረዶች ልጆች ናቸው። ከወላጅ ወይም አብሯቸው ካለ ትልቅ ሰው ሳትጠይቁ ፊታቸውን አታውጡ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የቤት ቁጥር ፎቶው ላይ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

4. ገንዘቡን እንደ አድማጭ ስጡ

ከማንሳታችሁ በፊት ስጡ፤ በፎቶ ቁጥር ግን አትክፈሉ። በፎቶ ሂሳብ ከተጀመረ ሙዚቀኛው መጫወቱን ትቶ ለእናንተ መቆም ይጀምራል። ያኔ የሚጫወት ሰው ሳይሆን ማሲንቆ የያዘ ሰው ነው የምታነሱት። ዘፈኑን ሰምቶ መሸለም ግን የኖረ ወግ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም።

ሙዚቀኛው ራሱ ዋጋ ከጠራ በቅድሚያ ተስማሙና ክፈሉ። አቅማችሁ ካልሆነ በግልጽ ንገሩት። አንስተው ከጨረሱ በኋላ መከራከር ነውር ነው።

አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ ግጥም ከጀመረላችሁ ካሜራውን አውርዱ። ለእናንተ እየዘፈነ ነው። ፊት ለፊት እያዩ መስማት፣ መሳቅ፣ መሸለም ነው። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ያኔ የሚነሳው ፎቶ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

5. ካሜራውን አስተካክሉ

በራሱ ለሚወስን ስልክ ይህ ክፍል ብዙም አያስፈልግም። ካሜራ የያዛችሁ ግን እነዚህን ቁጥሮች መነሻ አድርጉ፦

- ማሲንቆ ተጫዋች፣ ደጋኑ ጥርት ብሎ እንዲታይ፦ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ።
- ደጋኑ ወዲያ ወዲህ ሲል እንዲታይ፣ ፊቱ ግን እንዳይደበዝዝ፦ 1/30። ካሜራውን ግድግዳ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ከአሥር አንዱ ነው የሚሳካው፤ ስለዚህ አሥር አንሱ።
- ከበሮ የሚመታ እጅ፦ 1/500።
- አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፦ ለአንድ ሰው ኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 4፣ አድማጩም እንዲታይ ከተፈለገ ኤፍ 5.6።
- አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን)፦ ፀሐይ ላይ 100 ወይም 200፣ ጥላ ውስጥ 400 እስከ 800፣ ሲመሽ 1600 እና ከዚያ በላይ።

ማታ በሱቅ መብራት ሥር ስታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከታየ ወይም አንዱ ደማቅ ሌላው ፈዛዛ ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም። የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት፤ መስመሩ ይጠፋል።

ካሜራችሁ ሮው የሚባለውን፣ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል እንዳለ የሚይዘውን ፋይል ማስቀመጥ ከቻለ በዚያ አንሱ። ቀጥሎ ለምናየው ችግር ይጠቅማል።

6. ብርሃኑን ከፊት ላይ ለኩ

ይህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እኛ አገር የሚነሱ ፎቶዎች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነውና።

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ጠይም ፊት ያለው ሰው ነጭ ጋቢ ለብሶ ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይላል። ፎቶውን ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ደግሞ ይጠቁራል፤ የዓይኑ ብርሃን፣ የግንባሩ መስመር ሁሉ ይጠፋል። ነጩ ፍሬሙን የሞላው ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ከፍ አድርጉ።

ተቃራኒውም አለ። ሰውዬው ጨለማ በረንዳ ላይ ከሆነ ካሜራው ሁሉንም ሊያበራ ይሞክራል። ፊቱ ይነጣል፣ ወዙ ይጠፋል። ያኔ በ0.7 ዝቅ አድርጉ።

ስልክ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ። ፎከሱና ብርሃኑ እዚያ ላይ ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በቀስታ እየጎተታችሁ አስተካክሉ። በስክሪኑ ላይ ፊቱ በዓይናችሁ የምታዩትን ከመሰለ በቃ። ሰውን ከመልኩ አታቅሉ፣ አታጥቁሩም።

ነጭ ጋቢና ነጠላ ሌላ ጥቅምም አላቸው። ብርሃን ከታች ወደ አገጭ ይመልሳሉ። ጥላ ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሰው ስታገኙ ቅረቡ፤ ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ስቱዲዮ ውስጥ የተዘጋጀ ይመስላል።

7. መሣሪያው ሙሉ ይሁን፣ ጀርባው ይጽዳ

እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አቅጣጫ አለው። ማሲንቆ ረጅም ነው። ከላይኛው ጫፍ እስከ አራት ማዕዘኑ ገበታ ድረስ እንዲገባ ካሜራውን አቁሙት። አንድ ጅማት ብቻ ስላለው ዜማው በሙሉ የሚወጣው ከግራ እጅ ጣቶች ነው፤ እነሱ ካልታዩ ሙዚቃው የለም። ክራርን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ አንሱ፤ ፊት ለፊት ስታነሱት ጅማቶቹ ከሸሚዙ ጋር ይቀላቀላሉ። ዋሽንት ከጎን ነው። ጣቶቹ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲነሱና ሲወድቁ ይታያሉ፣ ከንፈሩም አይሸፈንም። ማይክ የያዘን ዘማሪ ከፊት ለፊት ካነሳችሁት አፍ የለውም። ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ሂዱ።

ጀርባው ላይ የመብራት ምሰሶ ከራሱ ላይ የበቀለ እንዳይመስል ተጠንቀቁ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ መጥቶ ከቆመ እስኪሄድ ጠብቁ። ቢልቦርድ ካለ ጎንበስ በሉ ወይም አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሂዱ። አብዛኛው የጀርባ ችግር በአንድ እርምጃ ይፈታል።

8. ቤት ሲመታ ጠብቁ

አዝማሪ ሲገጥም የመጀመሪያው ስንኝ ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ይመታል። ወርቁ የሚገለጠው ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አዝማሪው ከአድማጩ ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል፣ አድማጩ ይስቃል ወይም «እሰይ!» ይላል። ከዚያ ማሲንቆው ብቻውን ይቀጥላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ። ሁለተኛው ስንኝ ሊያልቅ ሲል ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ከዚያ ካሜራውን ወዲያው ወደ አድማጩ አዙሩ። ሳቁ ሁለት ሰከንድ ነው የሚቆየው።

በዜማ ብቻ የሚጫወትም ቢሆን መተንፈሻ አለው። ትዝታ የሚጫወት ሰው ሐረጉን ሲጨርስ ትከሻው ይወርዳል። እሱን ጠብቁ።

9. እዚያው ሳላችሁ አሳዩ

ካነሳችሁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥሩውን መርጣችሁ ለሙዚቀኛው አሳዩ። የመጀመሪያው ትችት ከእሱ ይምጣ። ከእሱ በላይ መሣሪያውን የሚያውቅ የለም።

አንድ ጊዜ በጣም የወደድኩትን ፎቶ ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሳየሁ። ፊቱ ጥርት ብሏል፣ ብርሃኑ አምሯል። አየውና «ጣቴን ቆርጠሽዋል እኮ! በምን መታሁት ታዲያ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። የግራ እጁ ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል። ስንት ፎቶ አንሺ አይቶት አንዱም አልነገረኝም።

«ይሄን አጥፊው» ካለ እያየ አጥፉት። ስምና ስልኩን ከፈቀደ ጻፉ። ፎቶውን የምትልኩበትን ቀን ቃል ከገባችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

ተጠንቀቁ

- ከንጋት በፊት በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙ ላሊበሎችን በድብቅ አታንሱ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ በጨለማ የሚመጡ አሉ። ፊት የማይታይበት ፎቶ እንኳን ቢሆን ጠይቁ። ፍላሽ ፈጽሞ አይሆንም።
- ወታደር፣ ፖሊስ፣ ቤተ መንግሥትና ጥበቃ ያለበት የመንግሥት ሕንፃ በጀርባ እንዳይገባ ተመልከቱ። ጥበቃ «ክልክል ነው» ካላችሁ አትከራከሩ። ካሜራውን አውርዱ፣ ያነሳችሁትን አሳዩ፣ ቦታ ቀይሩ። ብትከራከሩ የሚባረረው ሙዚቀኛውም ጭምር ነው።
- ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በቅዳሴ ሰዓት አታንሱ። ከቅዳሴ በኋላ ጠይቁ።
- ታክሲ ተራና መርካቶ ውስጥ የካሜራው ማንጠልጠያ አንገታችሁ ላይ፣ ቦርሳው ደረታችሁ ላይ ይሁን። ስልክ ወደ መኪና መንገድ ዘርግታችሁ አታንሱ።
- ድምፅና ቪዲዮ መቅዳት ከፎቶ የተለየ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410/1996) ለከዋኞች፣ ማለትም ለሚጫወቱና ለሚዘፍኑ ሰዎች፣ መብት ይሰጣል። ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*ከኋላ ወይም ከሩቅ ማንሳት።* ምክንያቱ ፍርሃት ነው። መድኃኒቱ ረጅም ሌንስ አይደለም፤ ደረጃ 2 ነው።

*ሁልጊዜ ቁልቁል ማንሳት።* ተቀምጦ የሚጫወትን ሰው ቆመው ሲያነሱት ትንሽ ይሆናል። ተንበርከኩ። ዓይኑ ካለበት ከፍታ አንሱ።

*ሁሉንም ጥቁርና ነጭ ማድረግ።* ብዙ ሰው ያልተሳካ ፎቶ በዚህ የሚድን ይመስለዋል። ጠፍር፣ ጥለት፣ የተቀባ ግድግዳ ቀለማቸው ራሱ ነገር ይናገራል።

*መቶ ፎቶ መለጠፍ።* ሦስት ምረጡ።

ክፍል ሁለት፦ ትችትን መያዝ

10. ማንን እንደምትጠይቁ ምረጡ

እናትና ጓደኛ «ያምራል» ይሏችኋል። ይወዷችኋልና። ከዚህ በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ ሰው ፊት ለፊት ስህተት መንገር ያፍራል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ፦ ፎቶ የሚያነሳ፣ ሙዚቃ የሚጫወት፣ ስለ ሁለቱም የማያውቅ። ሦስተኛውን አትናቁት። ፎቶው ከምንም በፊት ምን እንደሚል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

11. የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ

«እንዴት ነው?» ካላችሁ «አሪፍ ነው» ትባላላችሁ፣ በዚያው ያልቃል። እንዲህ ጠይቁ፦

- መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?
- ሰውዬው ምን እያደረገ ይመስልሃል?
- አንድ ነገር ብቻ አውጣ ብትባል ምን ታወጣለህ?

ሦስተኛው ጥያቄ ይሉኝታን ያልፋል። ስህተት ንገረኝ ስላላላችሁት ሰውዬው አያፍርም። ምረጥ ነው ያላችሁት፤ ይመርጣል።

ሰውየው እየተመለከተ ሳለ አትናገሩ። «እዚህ ጋ ፀሐይ ነበር፣ መኪና መጣብኝ» ማለት ከጀመራችሁ የሚያየው ፎቶውን ሳይሆን የእናንተን ማብራሪያ ነው። ፎቶው ለማታውቁት ሰው ሲደርስ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አታብራሩም።

12. አንድ ቀን አሳድሩት

ትችቱን ቃል በቃል ደብተር ላይ ጻፉ፣ ዝጉት። መልስ አትጻፉ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ በአንዱ ሥር አንድ ሰው «ያነሳሽው ሙዚቃ አይደለም፣ ልመና ነው» ብሎ ጻፈ። ተናደድኩ። ሌሊቱን ረጅም መልስ ጻፍኩለት፤ እንዴት እንዳከበርኳቸው፣ እንዴት ፈቃድ እንደጠየቅኩ። በማግስቱ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ፎከሱ ያረፈው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሳንቲም ላይ ነበር። ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አዛውንቱና ማሲንቆዋቸው ከኋላ ደብዝዘዋል። እኔ ልቤ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ፤ ፎቶው ግን የሚያሳየው የተጻፈልኝን ነው። ሰውየው ቃሉ ይጎርብጥ እንጂ የፎከስ ስህተቴን በትክክል ነው የነገረኝ።

ፎቶውን አወረድኩት። መልሴንም አጠፋሁት፣ «ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

13. ለዩት

በማግስቱ ደብተሩን ክፈቱና እያንዳንዱን አስተያየት አንድ ቦታ መድቡት።

*የሚለካ ነገር።* ደብዝዟል፣ ጨልሟል፣ ተጣሟል፣ እጅ ተቆርጧል። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩ። እውነት ከሆነ ተቀበሉ፣ አበቃ። ክርክር የለውም።

*ጣዕም።* «ጥቁርና ነጭ ቢሆን፣» «እኔ ብሆን ከላይ አነሳው ነበር።» ስሙት፣ ማድረግ ግን ግዴታ አይደለም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ካሉ ግን ጣዕም መሆኑ ቀርቷል። ሞክሩት።

*ክብርን የሚመለከት።* ሰውየውን አሳንሰኸዋል፣ ድህነት ነው የሸጥሽው፣ ፈቃድ አለሽ ወይ የሚል። ይህን ከሁሉም በላይ በጥሞና ያዙት። ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፎቶው ላይ ያለው ታላቅ ወንድሜ ወይም አባቴ ቢሆን አወጣው ነበር? ለመመለስ ካመነታችሁ ፎቶውን አውርዱ። ሙዚቀኛው ራሱ ወይም ቤተሰቡ «አውርዱት» ካለ ምክንያት አትጠይቁ፤ በዚያው ቀን አውርዱ።

*ስድብ።* ስለ ፎቶው ምንም አይናገርም። መልስ አይሰጠውም፣ ደብተርም ላይ አይጻፍም። በሙዚቀኛው ላይ የተሰነዘረ ከሆነ ግን አጥፉት። ፎቶውን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ በሥሩ የሚሰደበውን ሰው መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው።

14. በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ

«አመሰግናለሁ፤ እጁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በሚቀጥለው አሰፋዋለሁ።» በቃ። ካልተስማማችሁም «አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ» በቂ ነው። ረጅም መልስ የጻፋችሁለት ሰው ሁለተኛ አይነግራችሁም። አጠገቡ ያለውም አይቶ ዝም ይላል።

15. ትችቱን ወደ አንድ ሥራ ለውጡት

«ጀርባው ተጨናንቋል» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ንጹሕ ግድግዳ ያለበት ቦታ መርጦ ሙሉውን ሰዓት እዚያ ያንሳ። «ሩቅ ነው» የተባለ 35 ሚሊሜትሩን ብቻ ይዞ ይውጣ። በአንድ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ። ሦስቱን በአንዴ ለማስተካከል ስትሞክሩ ዓይናችሁ ከሙዚቀኛው ላይ ይነሳና ቅጽበቱ ያመልጣችኋል።

16. ፎቶውን አሳትማችሁ ተመለሱ

10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ቤት አሳትሙ። በስልክ መላክ ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል። የታተመውን ሙዚቀኛው ቤቱ ይዞት ይገባል። ከጀርባው ቀኑን ጻፉበት።

ስትሰጡት የሰማችሁትንም ትችት ንገሩት። «ጣትዎ ተቆርጧል ያሉኝን አስተካክዬ መጣሁ» በሉት። ከዚያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ መልሱና ሦስት ዘፈን ስሙ።